ከሦስት መስመር የተረፈ

«በአጭሩ ይሁን» አለችኝ ዶሪን፣ የምክር ቢሮዋ ሴት፣
«ባንክ እንባ አያነብም፤ ቀንና ቁጥር ጻፊለት።»
ሦስት መስመር ጻፍኩ። ፈረምኩ፦ ሙሉነሽ ደርቤ።
ይኼኛው የተረፈው ነው፣ ያልተላከው ደብዳቤ።

ሸፊልድ ነው፣ ጥር ነው፤ ኮረብታው በረዶ ለብሷል፣
የአዛውንቶቹ ቤት የሌሊት ሥራዬን ቀንሷል፤
አራት ሌሊት ሁለት ሆነ። ኪራዩ ግን አልሰማ፣
የጋዙም ቆጣሪ እንደ ወትሮው፣ ሳንቲም እየተጠማ።

ወር በገባ በሦስተኛው የስልኩ ክፍያ መጣ፣
ሁለት ፓውንድ ከሰባ ጎደለኝ፤ ባንኩ ተቆጣ፤
ለሁለት ፓውንድ ከሰባ
ሠላሳ አምስት ቀጣ።
ሠላሳ አምስቱ ደግሞ የመብራቱን ድርሻ በላው፣
መብራቱም ሳይከፈል ቀረ፣ ሌላ ሠላሳ አምስት አመጣው።
በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፤ ተረት ይመስለኝ ነበር፣
ነጭ ፖስታ ውስጥ ታሽጎ እስኪገባ በበር።

ወለድን ለምን ወለድ እንዳሉት የገባኝ ያን ለት ነው፤
እኔ የሰው አባት ሳገላብጥ፣ እሱ ሌሊቱን የሚወልድ ነው፣
ያለ ምጥ፣ ያለ አዋላጅ።

በአራተኛው ወር ደመርኩት፣ በልጄ ደብተር ጀርባ፦
አሥራ ሁለቴ ሠላሳ አምስት። አራት መቶ ሃያ። አልወጣኝም እንባ።
ናኦል አየና «ልክ ነው እማ» አለኝ፣ ምልክት አድርጎበት፣
እንደ መምህሩ በቀይ፣ ከሥሩ አሥምሮበት።

ይህን ሁሉ ለዶሪን አልነገርኳትም። ጫማዬን ግን አየች፣
ሳትጠይቀኝ ሻይ ቀዳች፣ ወተቱን አበዛች።
«‹ችግር ላይ ነኝ› በዪ» አለች፤ «ይኼ ቃል በር ይከፍታል፤
የተቸገረን ሰው ባንክ ያድምጥ የሚል ደንብ አለ፤ ይሠራል።»
ችግር ላይ ነኝ።
በአማርኛ ስለው ደረቴ ላይ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚቀመጥ፣
በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ቀልሎ፣ እንደ አውቶቡስ ቲኬት የሚቆረጥ።

በእቁባችን ስሜ ዋሴ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ስጥል ኖርኩ፣
አንድ እሑድ አላሳለፍኩም፣ በዕጣም ከሰው አልተነታረኩ።
እዚህ ግን ሌላ ስም አለኝ፣ እኔ ያላወጣሁት፣
ቄስ ያላጠመቀው፣ የማላውቃቸው በቁጥር ያሳደጉት፤
ቤት ልከራይ ስሄድ ቀድሞኝ የሚደርስ፣
ስድስት ዓመት ሙሉ ያቺን ሁለት ፓውንድ ከሰባ የሚያስታውስ።
ለዚህ ነው ሦስተኛው መስመር «ብሬን መልሱ» ብቻ ያላለው፣
«ስሜንም አጽዱ» ብሎ የጨመረው።
እዳ ከሜዳ ሲመጣ፣ ይመጣል። ሰው ሠርቶ ይከፍላል።
ስም ግን በየትኛው ፈረቃ ተሠርቶ ይመለሳል?

ስድስት ሳምንት ቆዩ። ጻፉ። «በበጎ ፈቃድ» ይላል፤
በጎ ፈቃድ! የራሴን ብር መመለስ ደግነት ይባላል።
ሁለት መቶ አሥር፤ እኩሌታው። እሱም በእጄ አልገባ፣
ከዜሮ በታች ወዳለው ጉድጓድ፣ እንደ ዝናብ ጠፍቶ ገባ።
ጠዋት ከሥራ ስመለስ፣ አውቶቡሱ ዳገት ሲያቃስት፣
ስልኬን ከፈትኩ፦ አራት ፓውንድ ከአሥራ አንድ። አጠገቤ ላለችው ሴት
ላሳያት ምንም አልቀረኝ። ዘጋሁት። ደግሜ ከፈትኩት።

ስለ ስሜ? «ጉዳዩን እየተመለከትን ነው።»

«ቀጣዩ» አለች ዶሪን፣ «ከባንኩ በላይ የሚዳኝ ነው፣
እምቢ ያሉትን ሁሉ የሚሰማ፣ ቢሮው ሎንዶን ነው።»
ስሙን በእንግሊዝኛ አለችው፤ ምላሴ ላይ አልተገራ።
«እኛ አገር» አልኳት፣ «እንባ ጠባቂ ነው የሚጠራ።»
ትርጉሙን ነገርኳት። ብዕሯን አኖረች፤ ቆየች ዝም ብላ፤
መስኮቱ ላይ በረዶው ይቀልጥ ነበር፣ ጠብ፣ ጠብ እያለ።
ከዚያ ወረቀት ሳበች፣ አንድ ሳይሆን አራት፣
«እንግዲያው» አለች፣ «ለሱ ረዘም አድርገሽ ጻፊለት።»