«መጣሁ» በእንግሊዝኛ

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣
በሃያ ሰው ክፍል አርባ ሰው ታጭቀን፣
መምህር አቻምየለህ ጠመኔውን ሰብሮ፣
«ዛሬ አሁንን ነው» አለ፣ «የምንማር፤
ተጀምሮ ያላለቀ፣ ያልተቋጨ ነገር።»

አም፣ ኢዝ፣ አር ጻፈ በሰሌዳው ዳር፣
መሐል ላይ ግሡን፣ ከግሡ ኋላ ጅራት፤
አይ፣ ኤን፣ ጂ፤ ሦስት ፊደል።
«እኛ ‹እየ› ብለን በፊት በር እንገባለን፣
እነሱ በጓሮ፤
ቤቱ ያው አንድ ቤት፣ በሩ ነው ለየቅል።»

«ካም» ላይ የመጨረሻዋ ኢ ትረግፋለች አለ፣
«ሲት» ላይ ቲ ይደገማል፣ መንታ ሆኖ ይወጣል፤
መሞት የሚለው ግሥ
ሁለት ፊደል ጥሎ፣ አንድ ዋይ ይዞ ይሄዳል።
ይቺን ሲጽፍ ብቻ ዞሮ አላየንም።
ባለፈው ክረምት ነው ሚስቱን የቀበረ፤
እኛም አልጠየቅንም።

«አሁን ምን እያደረግሽ ነው?» አላት ውባንቺን።
ተነሥታ፣ በእንግሊዝኛ፣ «ተቀምጫለሁ» አለች።
ሳቅን። ቆማ ነበር።
«ደግሞስ» አለች ተናዳ፣ «መቀመጤ ካለቀ
ምኑን ነው ‹እየ› የምለው?»
«ለእነሱ» አላት፣ «መቀመጥም ሥራ ነው።»

ጓንጉል ከኋላዬ፣ ግንበኛው፣
ኖራ በጥፍሩ ሥር፣ ኖራ በቅንድቡ፣
የፋሲል ግቢን ስንጥቅ ሲጠግን የሚውል፣
«ግንቡ» አለ፣ ቃል በቃል እየፈለገ፣ «እየተሠራ ነው።»
«ተሠራ በል እንጂ! ዋዝ! ኃላፊ ጊዜ!
ካለቀ እኮ አራት መቶ ዓመት ሊሆነው ነው።»
«እና እኔ» አለ ጓንጉል፣ «ከጧት እስከ ማታ
ምን ሳደርግ ነው የዋልኩ?»
መምህሩ ጠመኔውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ፣
ያን ማታ ሰሌዳውን ሳያጠፋ ወጣ።

ማክሰኞ ለት ደግሞ ጅራት የማይወዱትን ዘረዘረ፦
ማወቅ። መፈለግ። ማመን። መውደድ።
«እነዚህ አይንቀሳቀሱም፤ ወይ አሉ፣ ወይ የሉም።
‹እየወደድኩ ነው› ብሎ ነገር የለም።»
አይኖር ይሆናል።
እኔ ግን በደብተሬ ጠርዝ፣ በእርሳስ፣
«እየወደድኩ መጣሁ» ብዬ ጻፍኩ።
ይቺን በየትኛው በር ላስገባት?
መንገድ አለባት እኮ፣
ሰው ሳይታወቀው የሚሄደው መንገድ።

ሐሙስ፣ ትምህርቱ መሐል፣ የጓንጉል ስልክ ጮኸ።
ተነሣ፤ ትከሻዬን በእጁ ጀርባ ነካ አድርጎ
«መጣሁ» አለኝ፣
ወጣ።
እንዲህ ነን እኛ፤ የሚሄድ ሰው «መጣሁ» ይላል፣
በሩን ሳያልፍ ተመልሶ ያበቃል።
ደብተሩ ዴስኩ ላይ ቀረ። ሦስት ሳምንት።

«መጣሁ እንዴት ይባላል?» አልኩት መምህሩን።
«አይ ኬም።»
«የሚሄድ ሰው ሲለውስ?»
አሰበ። «አይ አም ካሚንግ ይሻላል።
ነገንም በዚሁ ይናገራሉ፣ ቀጠሮ ያለው ነገ ሲሆን።
ቀኑን ጨምሪበት፣ ማዘንጊያ፤ ሰኞ ወይ ረቡዕ።»
«ቀኑን አልነገረኝም።»
ጠመኔውን ከጣቱ አራገፈና
የጓንጉልን ደብተር ከዴስኩ አንሥቶ
መሳቢያው ውስጥ አኖረው።

ዛሬ ጧት ወደ ስፌት ቤቴ ሳልፍ፣
በግንቡ ጥግ፣ በሰው ትከሻ ልክ፣
አዲስ ኖራ አየሁ በአሮጌው ስንጥቅ ውስጥ፣
የአውራ ጣት ምልክት ያለበት።
ነካሁት። እርጥብ ነው።
የእሱ ይሁን የሌላ ሰው አላውቅም፤
ማወቅ ጅራት አይወድም።
ፀሐይ በአንገረብ በኩል ብቅ ብላለች።
ጣቴን በቀሚሴ ጠረግሁና ቆምኩ፤
እየደረቀ ነው።