ቤቶች ሳይሉ

ሰው ሰው ቤት ሲገባ፣ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤
አየር ላይ ግን ጥሪው ራሱ ይወርራል።
ስለዚህ እኔ ዝም። ጆሮዬን ደጃፉ ላይ ጥዬ፣
አለ ወይ ባለቤቱ እላለሁ፣ ትንፋሼን ከልክዬ።

ሳቢያን፣ ከፎቁ ጣሪያ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤
አንድ አንቴና፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ያልበረደ የሲሚንቶ ሙቀት።
ጣቢያው ሲተኛ የተወው ሞገድ ባዶውን ከሚያድር፣
ለገንደ ተስፋ ክሊኒክ እስኪነጋ ብንበደር፣
ማን ይጎዳል?

ሙያውን መጀመሪያ ያየሁት ግን ከዚያዳ ነው፤
ደቻቱ አሸዋ ላይ፣ ጆንያ አንጥፋ፣ ቲማቲም ከምትደረድረው።
ወንዙ ሲደርቅ ገበያ ነው። ደንገጎ ላይ ሰማይ ሲጠቁር
ዕቃ አንሺ! ባለቤቱ መጣ፤ ማን ይከራከር?

«ድምፁ ትልቅ ነው?» አልኳት። ሳቀች። «ትልቅነቱን ከጠበቅህ
ቲማቲሜ ጅቡቲ ገባ፣ አንተም ከነጫማህ።»
ባጃጁም ይጮኻል፣ ወፍጮውም፣ የሱቁ ጄኔሬተርም፤
ጉልበት መለካት ብቻ ጫጫታን ከጎርፍ አይለይም።
ጠጠር ከጠጠር ሲላተም፣ ቋ ቋ ቋ ብሎ ሲመላለስ፣
ያንን ምት ነው የምትይዘው፣ ገና ውሃው ሳይደርስ።

እኔም የምፈልገው እሱኑ፤ በሹክሹክታ ባሕር ውስጥ
አንድ ምት፣ የማይሰለች፣ ቢደክምም የማይለወጥ።

ደፉን ከፍ ሳደርግ ሰው ያመልጠኛል፤
ዝቅ ሳደርግ ነፋስ ሁሉ ሰው ይመስለኛል።
ሰኞ ዕለት ከባዶ ቤት ሸሸሁ፤ ክሊኒኩ መስመር አጥቶ አደረ።
ማክሰኞ «የለም» ብዬ ገባሁ። ነበረ።
ድሬዳዋ በረዶ ዘነበ፤
በአቶ ሮብሌ ቴሌቪዥን ላይ፣ በንጋት ዜናቸው መሃል።
እስካሁን ስልክ ይደውላሉ፤ እስካሁን ያማል።

ዚያዳ እንኳ ብቻዋን አትሰማም፤ ገደሉ ይጋርዳታል።
ከላይ በኩል ረምዚ ያፏጫል፣
ከድልድዩ ኢፍቱ ነጠላዋን ታውለበልባለች፤
ከሦስቱ ሁለቱ «መጣ» ካሉ፣ ጆንያዋን ታጥፋለች።
ሦስተኛው ቢምልም።

ለእኔ የሚያፏጭ የለም ዛሬ። ጣሪያው ላይ አንድ ጆሮ።
ስክሪኑ ላይ የአሸዋ መልክ፣ ከዳር እስከ ዳር ተነጥፎ፣ አድሮ።
ዝም ብሏል መስመሩ። ባዶ ነው? ወይስ እሱም እንደ እኔ
ከበሩ ማዶ ቆሟል፣ ትንፋሹን ከልክሎ፣
ጆሮውን ጥሎ ወደ እኔ?