አሳላፊ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ከሌሊቱ ስምንት።
ጦሳ ጉሙን ለብሶ በመስኮቴ ሲያይ፣
መብራት ሄዶ መጥቶ፣ ደግሞ ሄዶ መጥቶ፣
ጠቋሚው ይጠቅሳል ጥቁሩ ገጽ ላይ።

ጦይባ ከኮምቦልቻ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦
«አቶ ይመር ዛሬም ተቆጥተው ሄዱ።
የትናንቱ ይምጣ ብለው ቀስት ቢጫኑ
ቆብ፣ ቅንፍ፣ ቅንፍ፣ ኤ ተሰልፈው ወረዱ።
‹ይኼ ዕቃ፣ ልጄ፣ ሰው መስደብ ጀመረ?›
አሉኝ መነጽሩን በጋቢው ጫፍ ጠርገው፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በካርቦን ወረቀት
የእህሉን መጋዘን የመዘገቡ ሰው።»

ነገሩ እንዲህ ነው።
እኔ ቤት ያለው መስመር አራሚ
ሪድላይን ይባላል፤ አዛውንት ነው፣
የተነገረውን የማይረሳ፤
ግን ውል አለው፦ «ከኔ ጋር የቆረሰ
ሌማቱን ይግለጥ፣ ለማንም አይንሳ።»
ማኅበሩ ደግሞ ሌማት አይገልጥም፤
ኮዱን ቆልፎ ቁልፉን ይዟል ሊቀ መንበሩ።
ጦይባ ማክ ላይ ያለው ኤዲትላይን ነው፤
በሪድላይን ስም ነው የሚከፈት በሩ።
ሲጠሩት «አቤት» ይላል።
ግማሹን ትእዛዝ ግን ሰምቶት አያውቅም፤
ፊደላችንንማ፣ አንዱን ሦስት አድርጎ ቆጥሮ
አንዴ ቢያጠፉበት ሙሉውን አይለቅም።

አቶ ይመር «ሐይቅ» ጽፈው፣ ቅን ሊደልዙ
አንዴ ቢነኩባት መሀል ተሰበረች፤
በጥቁር አልማዝ ውስጥ ጥያቄ ምልክት ሆና
ሳትሞትም ሳትድንም እዚያው ተገተረች።

አጎቴ ሙሄ ሐርቡ ላይ ልጁን ሲድር
ዳሱ አንድ ነበር፣ ድስቱ ግን ሁለት።
የክርስቲያን በሬ፣ የእስላም በሬ፤
ተቀምጦ የሚበላ አይጠይቅም «ከየት?»
አሳላፊው ነበር የሚያውቅ። ሳህኑን ከፍ አድርጎ
በጉልበትና በጉልበት መሀል እየሾለከ፣
ለየሰዉ ድርሻውን
ሳያዛንፍ ላከ።

ሃስኬሉን ከፍቼ አንድ ስስ ሞጁል ጻፍሁ፤
ስሙንም «አሳላፊ» አልሁት።
ሦስት ነገር ብቻ ያውቃል፦ መስመር ተቀበል፣
ያለፈውን አስታውስ፣ ጅምሩን ጨርስለት።
ከበስተጀርባው ግን ጓዳ ነው፦
«ይኼ ካለ ይኼ፣ ከሌለም ያ።»
ሦስተኛ ድስትም ጣድሁ፣ ሃስኬላይን፣
እዚያው በሃስኬል የተሠራ፣
ፊደልን እንደ ፊደል የሚያይ፣ ውሉ ቀላል።
ኮምፓይለሩ ግን «ዓይነቱ አልገጠመም» እያለ
ሲነተርከኝ አደረ፤
ሊነጋጋ ሲል ዝም አለ።
ሠመረ።

ደወልሁላት። «ጦይባ፣ ቅን አጥፊያት።»
ነካች፤ አንዴ ብቻ። ከዚያ ሳቋ መጣ።
«ወላሂ ጠፋች!» አለች። ቀስቱንም ተጫነች፤
ቆብም አልወረደ፣ ቅንፍም አልወጣ።

አቶ ይመር ግን ስልኩን ተቀብለው፦
«እሺ። የትናንቱስ?»

የትናንቱ።
ኤዲትላይን በራሱ አጻጻፍ ያኖረው፣
ስድስት ወር ሙሉ የተመዘነ እህል፣ የባለቤቱ ስም፣
ቁጥር ብቻ ሆኖ ተደርድሮ አየሁት፦
፫፻፵፩፣ ፪፻፲፩፣ ፪፻፭።
ሦስቱ ባንድ ላይ ቅ ናቸው።
ያችው ቅ።

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ አቶ ይመር» አልሁ።
ቁጥሩን ወደ ፊደል እየመለስሁ ነው፤
ከሐይቅ ጀምሬያለሁ።