ሁለቱ ቋሚዎች

ልየው ሲኖውን ሸጦ ድምፅ ማጉያ ገዛ፤
አሸዋ ሲያመላልስ የኖረ ሰው፣ ድንገት ለዜማ ተገዛ።
ሁለት ናቸው፤ ጥቁር፣ ቋሚ፤ አንዱ እስከ ደረት ነው ቁመቱ፤
ሲገቡ መቃን ተነቅሏል፤ አይቻለሁ በዓይኔ በብረቱ።
ሚስቱ ትሁኔ ስንት ዓመት ሐይቁን የምታይበት
መስኮት ሥር ቆሙ፤ ብርሃኑን ለሁለት ከፈሉት።

እሁድ ከሰዓት ጠራን። «ኑ ስሙ፣ ፍረዱ» አለ፤
ሽምብጥ ሲጠሩት አይቀር፣ ሶፋው ሞልቶ ሰው ደረጃው ላይ ዋለ።
ዋጋውን ሲናገር፣ ሻይ የያዘ እጅ አየር ላይ ቀረ፤
በዚያ ብር ባሕር ዳር ላይ ሰው ሦስት ክፍል ሠርቶ ያከራይ ነበረ።

አንድ ማሲንቆ ለቀቀ፤ የጭራው ሙጫ ሳይቀር ተሰማ፤
ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ ቤቱም አብሮ ሳበ፣ ለግማሽ ዜማ።

ባይለየኝ፣ ጊዮርጊስ ጀርባ ሬዲዮ የሚጠግነው፣
ጆሮውን እንደ ሐኪም አስጠጋ፤ «ሽቦው ነው» አለ፣ «ያነቀው።
ላዩ ጥሩ ነው፣ ታቹ ግን አይመታም ከሆድ፤
በሩብ ብሩ እኔ ብሠራልህ፣ ዘጌ ድረስ ነበር የሚሄድ።»

መሪጌታ ይባቤ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፤
ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፤ ቃል ከማውጣት በፊት አሰቡ።
«ንጹሕ ነው፤ ግን ያለ ልክ ታጠበ። ድምፅ እድፍ ይሻል ጥቂት፤
መቅደስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ያስላል፣ አንድ ሕፃን ያለቅሳል፤
እሱ ነው የዜማው ሕይወት።»

እንጉዳይ፣ የፖሊዋ ተማሪ፣ በስልኳ ለክታ
«ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ይራቁ፤ ሶፋውም ይልቀቅ ቦታ።»
ገፋን። አንዱ ተሻለ አለ፣ አንዱ ባሰበት አለ፤
እኔ አልለየሁም፤ አንገቴ ግን ይነቀነቃል፣ አዋቂ እየመሰለ።

ትሁኔን ጠየቅናት።
«መስኮቴን መልሱልኝ።» ሌላ ቃል አልወጣት።

አንማው፣ ሠላሳ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ፣ መወርወሪያ ያደነቆረው፣
ምንም አልጠየቀም። ተነሥቶ መዳፉን ሣጥኑ ላይ አኖረው።
ቆየ። ከዚያ ግንባሩን። ከዚያ በማላውቅበት ልስላሴ
«አራት ቁጥር ማሽኔ!» አለ፤ «ደህና ስትሄድ እንዲህ ነበረች፣
ሌሊት፣ እሷና እኔ ራሴ።»

መሸ። የልየው ፊት ጠቆረ፤ ዘፈኑን ሁሉ አጠፋ፤
ከደንገሉ ዳር አንድ ንጋት ራሱ የቀዳውን ለቀቀ፣ በመጨረሻ ተስፋ።

ዝም። ከዚያ መቅዘፊያ። ጠብ፣ ጠብ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤
ውሃ የደንገሉን ጎን ላሰ፤ ታንኳው ወደ ሶፋው ተጠጋ፣ ጥግ ፈለገ።

እንድሪስ ታንኳ ሠሪው፣ ዋጋውን ሰምቶ ጀርባውን የሰጠን፣
በራፉ ላይ ጥርሱን ሲፍቅ የዋለው፣ ዞሮ ተመለከተን።
እኛን እንኳ አይደለም፤ በቋሚዎቹ መካከል ያለውን ባዶ ወለል።
«ይሄ ታንኳ ውሃ ጠጥቷል» አለ፤ «አትሰሙም ወደ ግራ ሲያጋድል?
የማን ነው? ሦስት ቀን ፀሐይ ይሻል። ነገ እንዳይወጣበት።»

«ዓምና የተቀዳ ነው» አልነው።
«ዓምና?» አለ፤ አላመነም፣ ወጣ፤
በጨለማው ወደ ሐይቁ ወረደ፣ ባለ ታንኳውን ሊቆጣ።

እኛ ቀረን። ባይለየኝ «ቢሆንም ሽቦው...» ብሎ ጀመረ፤
መሪጌታ ዝም አሉ፤ የአንማው መዳፍ እንጨቱ ላይ ቀረ።
ትሁኔ ሄዳ በሁለቱ መሃል፣ መስኮቱ ሥር ቆመች፤
እኛ በጆሮ ያየነውን ውሃ እሷ በዓይኗ ፈለገች።
ልየው «ታዲያስ፣ ምን ትላላችሁ?» አለ።
ማንም።

በዘንባባው መንገድ ብስክሌቴን እየነዳሁ ስመለስ፣
ሰንሰለቱ ዘይት እንዳማረው ሰማሁ፤
ስንት ጊዜው ነው ሲያለቅስ?