ዋቢ

ነገ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ፋይሌ ይዘጋል።
ኮሚቴው ይቆጥራል፤ ኮሚቴው ይመዝናል።
ደሴ ላይ ሌሊት ነው። ጦሳ ጉሙን ለቆ
ሰኞ ገበያን አልፎ፣ ፒያሳን ደብቆ
መስኮቴ ሥር ቆሟል። መብራት ሄዶ መጣ፣
እንደገና ሄደ። ከላፕቶፑ የሚወጣ
ብርሃን ብቻ ቀርቶኝ እደምራለሁ፦
ሠላሳ አንድ ጽሑፍ አሳትሜያለሁ፤
በዐሥራ ሁለቱ ላይ ስሜ ፊት ይመራል፣
በቀሪው ከመሃል፣ ከጅራት ይውላል።
የተጠቀስኩት ብዛት አራት መቶ ዐሥራ ሁለት።
ኤች ኢንዴክስ ዘጠኝ። (ባለፈው ዓመት ስምንት፤
አንዷን ለመጨመር ስንቴ ራሴን ጠቀስኩ!
እሱንም ከድምሩ ሳልቀንስ አለፍኩ።)

ከነዚህ ውስጥ ደግሞ ሁለት መቶ ሰባው
አንዲቷን ጽሑፌን ብለው የመጡ ናቸው።
ስለ ማሽላ ናት፤ በየትኛው ክሮሞዞም
የትኛው ዘረመል ቢዞር ነው ፍሬው ገንቢ ሆኖ የሚጥም።
ከሜክሲኮ ይጠቅሱኛል፣ ከህንድ፣ ከቻይና፤
አንዱ ከአውስትራሊያ፣ አላውቀውም፣ ግን ደህና
አድርጎ አንብቦኛል።
ዘሩ ግን በጽሑፉ መጠሪያው ቁጥር ነው፦
ቃሉ ዜሮ ዐሥራ ሰባት። ቃሉ ወረዳው ነው፤
ዜሮውን ከቃሉ ጎን እኔው አስቀመጥኩት።
በዘዴው ክፍል ውስጥ አንዲት መስመር አለች፣
«ከአካባቢው ገበሬ የተገኘ» ትላለች።

ባለፈው ቅዳሜ ሐረጎን ወረድኩ፤
በሚኒባስ መስኮት ኩርባውን ቆጠርኩ።
ከኮምቦልቻ ወዲያ፣ ከፋብሪካው ማዶ
ማሽላው ይታያል አንገቱን አዋርዶ።
አያ ሙሔ ይማምን ማማው ላይ አገኘሁ፤
ወንጭፉን አስቀምጦ ሲወርድ ጠበቅሁ።
ዕትሙን ሰጠሁት። ገለበጠው። «ይኼ
ምን ይላል ነጂባ?»
«ያንተ ማሽላ ነው፣ አያ ሙሔ፤
ሁለት መቶ ሰባ ሰው ዓለም ላይ ጠቅሶታል።»
«ጠቀሰው? በየቱ ዓይኑ?» ብሎ ይስቃል።
«ስሙንስ ነገርሽ? ወተት በጉንጬ ብለሽ?»
«ቁጥር ነው የሰጠሁት።»
«ቁጥርማ ለእስረኛ ነው፤ ዘሬን አሳሰርሽ!»

ከዚያ ዘለላ አሽቶ፣ እፍ ብሎ ገለባውን፣
ቆጠረልኝ በጣቱ የዘሩን ዋቢ፣ የሚያውቀውን፦
«እኔ ከሉባባ ወሰድኩ፤ ሉባባ የአጎቴ ምሽት፣
አንድ ቁና በሚያዝያ፣ ሁለት ልመልስላት።
እሷ ከሐርቡ አመጣች፣ ከአንድ ከሰል ሻጭ፤ እሱም
ከባቲ ገበያ ነው አሉ፤ ከባቲ ወዲያ አላውቅም፤
የማላውቀውን አልልም።
ከኔ ደግሞ የወሰዱ፣ ደጋን ዐሥራ አንድ ቤት፣
ገርባ ስድስት፤ አንዱ ጠፍቶ ቀረ ከነቁናው፣ ይሁን፣ ይብቃቃበት።
የማን ዘር ነው ሲባሉ ‹የሙሔ ነው› ይላሉ፤
እኔም ስጠየቅ ‹የሉባባ ነው› እላለሁ።»
ዕትሙን መለሰልኝ፣ አቧራውን አራግፎ።
«እነዚያ ሁለት መቶ ሰባው… ስንቱ ዘራው?» አለኝ፣ ማማው ሥር አርፎ።

ዋቢ ማለት ድሮ ሰው ነበር፤ ችሎት ፊት ይቆማል፤
የጠራው ባለዕዳ ቢጠፋ ዕዳውን ይከፍላል።
የኔዎቹ ዋቢዎች ከገጹ ግርጌ ተኝተዋል።

አሁን ሌላ ጽሑፍ አለኝ፤ ለመላክ ተዘጋጅቷል።
«የደራሲ ስም?» ይላል። ሙሔ ይማም አልኩት። ተቀበለኝ።
«ኢሜይል?» የልጁን ሰጠሁት። ትንሽ ቆይቶ አሳለፈኝ።
«ተቋም?» አለ። ቀይ ኮከብ አለበት፤ ሳይሞላ አያሳልፍም።
ማማው ብዬ ልጻፍ? የሉባባ ቁና? ዝም።

ከድምሩ ላይ ግን ራሴን የጠቀስኩትን ቀነስኩ፤
ኤች ኢንዴክሴ ስምንት ገባ። ብቻዬን ሣቅሁ።
ባትሪው ሦስት በመቶ። ጉሙ መስታወቱን ነክቷል።
ከቀይዋ ኮከብ ጎን፣ በባዶው ሣጥን ውስጥ፣
ጠቋሚው ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፤
ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፤
ልክ እንደሚጠቅስ ዓይን።