ሥር ካርታ አያነብም

ቅዳሜ ማታ ነው፤ ራት ቀርቦ ሳለ
ሽንት ቤቴ ጉሮሮውን ዘግቶ «አልውጥም» አለ።
ውኃ ብንደፋበት አጉረመረመና
የሳምንቱን ጉድ ተፋው እንደገና።
ብዙነሽ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ
«ነገ እኮ እንግዳ አለን» አለችኝ ተክዛ።

እሑድ ረፋዱ ላይ ላታሞ ከአቱቴ
የሽቦ ጥቅሉን በባጃጅ ጭኖ ደረሰ ከቤቴ።
ያን ረጅም አንጀት በጉድጓዱ አፍ ሰድዶ
አሽከረከረና፣ ላብ በላብ ሆነና፣ ጎንበስ ብሎ ከብዶ
አንዳች ነገር ያዘ።

ሳበው።
ወጣ።
የሰው ፀጉር መስሎኝ ወደ ኋላ ሸሸሁ፤
ጥቁር፣ የተገመደ፣ ውኃ የሚያንጠባጥብ ሹሩባ፣
ክንድ ሙሉ፣ ከዚያም ሌላ ክንድ።
«ሥር ነው» አለ ላታሞ። «የማንጎ ሥር። ይኸው፣ አሽትተው።»
(እኔን የሸተተኝ ሌላ ነው፤
ለሙያው ብዬ አልተከራከርሁትም።)

እኛ ግቢ ማንጎ የለም።
ማንጎው የእትዬ ኤርጎጌ ነው፣ ከግንቡ ወዲያ።
ግንቡ ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ነገራችን፤
በሠላሳ ሳንቲ ሜትር መሬት
ቀበሌ፣ ማዘጋጃ፣ ፍርድ ቤት፣
እሷም ካርታ አላት፣ እኔም ካርታ አለኝ፣
ሁለቱም ላይ ክብ ማኅተም አለበት።
ባሏ የሞተ ጊዜ እድሩ ልኮኝ
ድንኳኑን ተከልሁ እንጂ
ውስጥ ገብቼ አልተቀመጥሁም።

ሥሩ ግን ካርታ አያነብም።
በግንቡ ሆድ ሥር፣ በጨለማ፣
ያለ ውክልና፣ ያለ ጠበቃ፣
የሲሚንቶውን ቱቦ መጋጠሚያ በጣቱ ዳብሶ
መጀመሪያ እንደ ክር፣
ቀጥሎ እንደ ጅማት ገባ፤
ሐይቁ እንኳ ከዳርቻው በሸሸበት በጋ
የኛን እጣቢ ሲጠጣ ከረመ።

ወንድሜ በስልክ መከረኝ፦
«ጨው ነው መድኃኒቱ። በሌሊት አፍስስበት።
ዛፉም ይደርቃል፤ ነገሩም ይደርቃል።»
ጨዉን ገዛሁ፤ አልዋሽም።
ሃያ አምስት ኪሎ። ባለሱቁ «ድግስ አለ እንዴ?» አለኝ።

ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ወጣሁ።
ማንጎው ወደኛ ዘንበል ብሎ
ፍሬው እንደጠፋ አምፖል ተንጠልጥሎ…
ጆንያው ትከሻዬ ላይ ሳለ ነው የገባኝ፦
ከግንቡ አልፎ ግቢያችን የሚወድቀው፣
ልጆቼ የሚለቅሙት፣
እኔም እሷን የቀማኋት እየመሰለኝ
ዘጠኝ ዓመት ሲጥመኝ የኖረው ማንጎ
ለካ የራሴው ነው!
ከኛው ጉድጓድ ወርዶ፣ በሷ ግንድ ዞሮ
ጣፍጦ የተመለሰ።

ሳቄ መጣ። ብቻዬን፣ ከነጆንያዬ።
ውሻዋ ጮኸ። መብራቷ በራ።
«ማነው?»
ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ።
«እኔ ነኝ» አልኋት። «ሥርሽ ቤቴ ገብቷል።»
ዝም አለች፤ ውሻውም ዝም አለ።
«ጠዋት ና፤ እናየዋለን።»

ጠዋት ላታሞ ከሁለቱም ወገን ቆፈረ።
አንድ አባ ኮዳ ግንቡ ላይ ወጥቶ
እንደ ራሰ በራ ዳኛ ሲያየን ዋለ።
አሮጌው ቱቦ ተሰባብሮ ወጣ፤ ፒቪሲ ተቀበረ።
ከወፍራሞቹ ሥሮች አንዱን ብቻ ቆረጠ፣
ሲቆርጠው እትዬ ኤርጎጌ ፊቷን አዞረች።
ወጪውን እኩል ከፈልን፤
እስከ አሥር ብር ድረስ ተከራክረን።

ታረቅን አላልሁም።
ግንቡ እንደቆመ ነው። ፋይሉም ማዘጋጃ ቤት አለ፣
ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ።
ጨዉን ብዙነሽ ለጎረቤት ታድላለች፤ እስካሁን አላለቀም።

ላታሞ ሲሄድ፣ እጁን በሳሙና እየታጠበ፣
«ጋሼ» አለኝ፣ «ሥር እኮ ነው፤ ይመለሳል።
ሦስት ዓመት። ቢበዛ አራት።»

ቀኑን በከሰል ጻፍሁት፣
ግንቡ ላይ፣ በኔ በኩል።
እሷም በሷ በኩል ጽፋ እንደሁ
አላውቅም።