የእንጨት ሽበት

ሸዋ ሮቢት ቆላው፣ ከሽንኩርት ማሳው ማዶ፣
ስልሳ ችካል ቆሟል፣ እስከ ጉልበቱ መሬት ወርዶ።
መንገደኛ ሲያየው «የማን መቃብር ነው?» ይላል፤
መቃብር ነው በርግጥ፤ ሟቹ ግን ገና ቆሟል።

ባህር ዛፍ ነው ሁሉም፣ ካንድ ጫካ የተቆረጠ፣
ደብረ ብርሃን ያደገ፣ በውርጭ የተቀጠቀጠ።
ወንድማማች እንጨት፤ ልዩነቱ መድኃኒቱ፣
ማን ምን እንደጠጣ ይናገራል የቆርቆሮ ምልክቱ።

አንደኛው ረድፍ ምንም አልጠጣ፤ ራቁቱን ተተከለ።
ሁለተኛው የተቃጠለ ዘይት፣ የአባቴን አጥር የመሰለ።
ሦስተኛው መዳብ ከአርሴኒክ፣ ከክሮም ጋር፣ አረንጓዴ፣
ሃያ ዓመት ጥፍሬን ያቀለመው፣ የሥራ ቤት ዘመዴ።
አራተኛው አዲሱ መዳብ፣ አርሴኒክ የሌለበት፣
ሲገባ ሰማያዊ፣ ሲቆይ ቡናማ፤
ዋጋውን ስሰማ የዞረብኝ አናት።

ማንያህልሻል በየመስከረሙ ከላቦራቶሪ ትወርዳለች፣
በካቻቢቴ ትወጋለች፣
በመዶሻ መትታ ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጣለች።
«አስር» ትላለች ሙሉ ሲሆን፤ እጽፋለሁ።
«ዜሮ» ትላለች ሲወድቅ፤ እሱንም እጽፋለሁ።

ራቁቱ ሁለት ክረምት አልደገመም፤
ምስጥ ሆዱን ጨርሶ ቆዳውን ብቻ ተወለት፣
ከላይ ሲያዩት ደህና፣ ሲነኩት ዱቄት።
ሰውም እንዲህ የሚሆን አለ፤ መዝገቡ ግን ቦታ የለው ለሰው የሚጻፍበት።

ዘይት የጠጣው አራት ዓመት ከርሞ፣
መሬት አፍ ላይ በሰበሰ፣ ላይ ላዩ አምሮ፣ እንደ ዘበኛ ቆሞ።
አባዬ ይቅር በለኝ፣ ምክርህ ዜሮ ተጽፎበታል፤
አጥርህ የቆመው በጽዱ ነበር፣ ዘይቱ ስሙን ወስዶበታል።

በሰባተኛው ዓመት ሁለቱ መዳቦች ቀሩ።

አዲሱ ሰባት፣ ስምንት፤ አንዳንዱ ጎኑ ለስልሶ፣
«መዳብ የማይፈራ ሻጋታ አለ» አለች፣ «የሚበላ መርዙን ቀምሶ።»
ተራ ምስማር ሲመቱበትም ያዝገዋል፣ ጎኑን በቀይ እንባ አርሶ።
አረንጓዴው ግን
አስር፣ አስር፣ ዘጠኝ ተኩል፣ አስር፤
ራስ ራሱ ብቻ ነጣ፣ ፀሐይ የመታው ዳር ዳር።
«የእንጨት ሽበት!» ብላ ሳቀች፣
እኔም ስቄ የራሴን ዳበስኩ፤
ስድብ መሆኑን ያን ቀን ረሳሁ።

ሪፖርቱን በጉያዬ ይዤ፣
በደብረ ሲና ዳገት፣ በጣርማ በር ዋሻ አልፌ፣
ጉም ውስጥ ስወጣ ኩራት ነበር የሞላው አፌ፤
ዘመዴ አሸንፏል።

ማታ የግቢያችን ጀርባ ጭስ አየሁ።
ወይዘሮ የሺመቤት አረቄ ያወጣሉ፤
ከጋኑ ሥር እሳቱ ዳር ዳሩን አረንጓዴ፣ መሐሉን ቀይ።
«እይ እስቲ፣ እሳቱ እንዴት ያምራል!» አሉኝ፣ «የሰጠኸኝን እንጨት እይ።»

የሰጠኋቸው።
ቁርጥራጩን፣ የግንዱን ጫፍ፣ በጆንያ፣
ለቢራ ሳንቲም ስሸጥላቸው፣ ሃያ ዓመት፣
አመዱንም ጎመናቸው ሥር ሲበትኑት፣
ጥጃቸው አመዱን ስትልሰው፣
እያየሁ።
እንጨቱን የያዘ መርዝ በእሳት ይለቀቃል፣
ይህን በርሜሉ ላይ ያለው ጽሑፍ ያውቃል፣
እኔም አንብቤዋለሁ።

ሰንጠረዡ የምስጥ ዓምድ አለው፣ የሻጋታ፣ የዝናብ፣ የዋጋ፣
የጭስ ዓምድ የለውም።
በእስክሪብቶ ከጎኑ ጨመርኩ፣ ጠማማ መስመር፣
«አረንጓዴው ለመብራት ምሰሶ፣ ሰው ለማይደርስበት ዳር፤
ለትምህርት ቤት አጥር፣ ለከብት ግርግም፣
አዲሱ ይሁን፣ በማይዝግ ምስማር፤ ቁርጥራጩ አይነድም።»

ማንያህልሻል አነበበች። «ከየት አመጣኸው?» አለች።
እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ወይዘሮ የሺመቤት ዛሬም በአጥሩ በኩል ይጠይቁኛል፣
«ያ የሚያምረው እንጨት ቀረ ወይ?»
«ቀረ» እላለሁ።
ለምን እንደቀረ ለመንገር
በየቀኑ እስከ በራቸው እሄዳለሁ፣
የጓሮውን ጎመን አያለሁ፣
እመለሳለሁ።